የእማማ ክሬን ምራት

«እማዬ ደግሞ አትችልም።»

እማማ ክሬን ከእንቅልፋቸው የነቁት በዚህች ቃል ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ወረቀት የተለጠፈበት ጣውላ ስለሆነ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሳል እንኳ የማን እንደሆነ ይለያል። ልጃቸው ወዲያ ወዲህ እያለ ሸሚዙን ይቆልፍ ነበር መሰል፣ ድምፁ ቀረብ ራቅ ይላል። «ገና ጡት ያልተወች ሕፃን ለማን ትተሽ ነው የምትሄጂው? እማዬ እንደሆነች ጉልበቷ አልቋል። ይዛት ብትወድቅስ? የሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል፤ ኮሌጁ እግር አውጥቶ አይሄድ።» ምራታቸው አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ተሰማ፣ ከዚያ ሕፃኗ አንድ ሁለት ጊዜ አጉረመረመች፣ ከዚያ ዝም።

እማማ ክሬን በጀርባቸው እንደተኙ ጣሪያው ላይ አፈጠጡ። ባልና ሚስት ብዙ ይነጋገራል፤ በመሃል መግባት የእሳቸው አመል አይደለም። እንደ እሾህ የወጋቸው «አትችልም» የምትለዋ ነች። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከማሽን የወጣ እርጥብ አንሶላ፣ ሁለት ወንድ ተጋግዞ የሚያነሳውን፣ እሳቸው ብቻቸውን በአንድ ትንፋሽ ጋሪው ላይ ስለሚጭኑት ነው የሥራ ባልደረቦቻቸው «ክሬን» ያሏቸው። ስሙ ከሥራ ቦታ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ቤት ተከትሏቸው መጥቶ አሁን ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ከጡረታ መሥሪያ ቤት በቀር የለም። እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ከአንድ እርጥብ ብርድ ልብስ የማትከብድ ሕፃን መያዝ አይችሉም የተባሉት። ያውም በገዛ ልጃቸው፤ ያውም ሳይጠየቁ።

«እማዬ፣ ሄድኩ» አለ ልጃቸው በራቸው አጠገብ እንደ ወትሮው። እሳቸው ግን እንደ ወትሮው «በሰላም ዋል» አላሉም። ተኝታለች ብሎ ይሆናል፣ የውጭውን በር በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

ኮቴው እስኪርቅ ጠብቀው ተነሱ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ከሳጥን ውስጥ ለሠርግና ለልቅሶ ብቻ የሚያወጡትን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሱ፤ ጫማቸውን በጨርቅ ወለወሉ። ወደ ጓሮ ሲወጡ ምራታቸው ሕፃኗን ከጎኗ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ የሽንት ጨርቅ ትጨምቃለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። ይቺ ልጅ እንዲህ ነች። ሌላ ሰው ሲከፋው ይጮሃል ወይ ይተኛል፤ እሷ ሲከፋት ቤቱ ይጸዳል።

«ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ እማማ ክሬን።

ምራቲቱ ቀና ብላ ሰማያዊውን ቀሚስ አየች። «ማን ሞተ እማማ?»

«ማንም አልሞተ። የጠየቅኩሽን መልሺ።»

«ዛሬ ነው የመጨረሻው። ግን ተውነው።»

«ማነው የተወው? እኔ አልተውኩም። እንደማልችል ለእኔ የነገረኝም ሰው የለም፤ በግድግዳ ነው የሰማሁት። በይ ያንን ጨርቅ አስጪውና ልብስሽን ቀይሪ።»

ምራቲቱ ከእጇ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆማ ቀረች። የኮሌጁን የመግቢያ ፈተና ያለፈችው አንድ እጇ ሕፃን እያወዛወዘ፣ በሌላው ገጽ እየገለጠች አጥንታ ነው። ስሟ ኮሌጁ በር ላይ ሲለጠፍ ሄዳ አይታ መጥታ፣ ለባሏ ስትነግረው «ጎበዝ» ብሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቤቱ ውስጥ እንደ ክፉ በሽታ ስሙ ሳይጠራ ከረመ። «ይቆጣል እማማ» አለች በመጨረሻ። «ይቆጣ» አሉ እሳቸው፣ ሕፃኗን ከነቅርጫቷ በአንድ እጃቸው አንስተው። «ቁጣ የሚያልፍ ነገር ነው። ምዝገባ ካለፈ ግን አለፈ።»

ኮሌጁ የሚገኘው በአውቶቡስ ከሁለት ሰፈር ማዶ ነው። ሲደርሱ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ፣ አጥሩን ተከትሎ፣ ፎቶ ቤቱን አልፎ ጥጉ ላይ ታጥፏል። ፎቶ ቤቱ የዕለቱን ገበያ አይቶ ዋጋውን በእጥፍ ሰቅሎታል፤ ኮፒ የሚያደርገው ጎረምሳም ማሽኑን ወደ አስፋልቱ አውጥቶ «ዋናውን ይዛችኋል? ኮፒ ብቻ ይዞ የገባ ይመለሳል!» እያለ ይጮሃል። ምራታቸው ፎቶዋን ከፈተናው ጊዜ አስተርፋ ስለነበር ከአንዱ ጣጣ ተረፉ። በሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ትናንት የተፈለፈለ የሚመስል ልጅ ነው፤ እናት አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ አክስት አጅቦታል። ከኋላቸው የቆመች ባለመነጽር ልጅ ምራቲቱን በአክብሮት «እርስዎ ማንን ሊያስመዘግቡ ነው?» ስትላት፣ ምራቲቱ «እራሴን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እማማ ክሬን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «ጎላ አድርገሽ ተናገሪ፤ የሰረቅሽው ነገር የለም።» ባለመነጽሯ ሳቀች፣ ምራቲቱም ሳቀች፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንደ እኩያ ማውራት ጀመሩ። እማማ ክሬን የምራታቸውን ሳቅ ከሰሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ሊያስታውሱ ሞከሩና አልሆነላቸውም።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሽበታም፣ ቀልድ የማይጠላ ሰው ነበር። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው፤ ከተማሪ በቀር ማንም አይገባም።

«ሕፃንም አይገባም» አለ። «መታወቂያ አላት?»

«የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ታመጣልሃለች» አሉ እማማ ክሬን። «እስከዚያ ሥራህ ላይ ካለህ።»

ጥበቃው ሳቀ እንጂ አላስገባቸውም። እሳቸውም አልለመኑትም። ምራታቸውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው፣ በሩ አጠገብ ባለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ከሚጠብቁት ወላጆች ጎን ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ወንድ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች ዳቦ ቤት ሠራተኛ ነች፤ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ። ወሬ ለመነች። እማማ ክሬንም አልነፈጓት። ምራታቸው ምን ልትማር እንደሆነ ስትጠይቃቸው ግን ቆም አሉ፤ ለካስ አያውቁትም። ነርስ ይሆናል ብለው በልባቸው ደምድመው ነበር፤ ሆስፒታል የኖረ ሰው ከነርስ ሌላ የተማረች ሴት አይታየውም። «ስትወጣ እንጠይቃታለን» አሉ እንደ ዘበት።

ምራቲቱ ስትወጣ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ወረቀቶቹን የያዘችበትን ፕላስቲክ ማህደር እንደ ወንፊት ነቀነቀችው፤ ፎቶ፣ የጤና ምርመራ፣ ኮፒ። ዋናው የትምህርት ማስረጃ የለም። «እዚህ ነበር» አለች። «በእጄ ነው ያስቀመጥኩት። መዝጋቢዋ ምሳ ሰዓት መስኮቱ ይዘጋል፣ ከሰዓት የሚስተናገደው ፋይሉ የተሟላ ብቻ ነው አለችኝ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሏት አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ባሏ ኮፒ ላስደርግልሽ ብሎ ማህደሩን ይዞት ወጥቶ፣ ማታ መልሶላት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም አላወጡትም።

«ረስቶት ይሆናል» አለች ምራቲቱ።

«ይሆናል» አሉ እማማ ክሬን።

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ምራቲቱ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ አጠባቻት፤ የዳቦ ቤቷ ሴት ሻሽዋን ፈታ ከለለቻት። እማማ ክሬን ቆመው ሲያዩዋት፣ ስታጠባ ጀርባዋ ቀስ እያለ ሲጎብጥ አዩ። ደክሟት አይደለም፤ ልትተወው ነው። እሷ ራሷ ብትሄድ ነገሩ ጠብ ይሆናል፣ ሰልፉም ያመልጣታል። «ሕፃኗን ስጪኝ» አሏት ስትጨርስ። «አንቺ ተመልሰሽ ግቢ፤ ያቺ ባለመነጽር ቦታሽን ትያዝልሽ። ወረቀቱን እኔ አመጣዋለሁ።»

«እማማ፣ ፀሐዩ...»

«ፀሐይ ዛሬ አልተጀመረም።»

ልጃቸው የሚሠራው ከኮሌጁ በእግር በሚደረስ የሕንፃ ዕቃና ቀለም መሸጫ ውስጥ ነው። ሱቁ ጠባብና ረጅም ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ የቆርቆሮ ጣሳ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ፣ ገና ከበሩ የቀለምና የማቅጠኛ ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል። እማማ ክሬን ሕፃኗን በሻላቸው ሸፋፍነው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ልጃቸው አንድ ደንበኛ ፊት ቀለም እያማሰለ ነበር፤ ቀና ሲል አያቸው፣ ማማሰያውም እጁ ውስጥ ቆመ። በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ሰው የሞተ መሰለው፣ በሰማያዊው ቀሚስ ምክንያት። ከዚያ ገባው። ደንበኛውን ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ ወደ በሩ መጣ።

«በእግርሽ ነው የመጣሽው? በዚህ ፀሐይ? ሕፃን ይዘሽ?»

«ይዤያት ቆሜያለሁ» አሉ። «አልወደቅኩም።»

ልጃቸው ጆሮው ድረስ ቀላ። ጣውላው ግድግዳ ትዝ ሳይለው አልቀረም። በጨርቅ እጁን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይጠርጋል፣ ቀለሙ ግን ከጥፍሩ ስር አይወጣም። እሳቸውም አልረዱትም። ሕፃኗ ሻሉን ገፍታ አባቷን አየችና ፈገግ አለች፤ ከሦስቱ የተናገረችው እሷ ብቻ ነች።

«ወንድሜ፣ ቀለሙ ይደርቃል» አለ ደንበኛው ከውስጥ።

«መጣሁ!» አለና አልሄደም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ተናገረ። «ኮፒ ላስደርግላት ብዬ ነው የወሰድኩት፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ግን መመለስ አቃተኝ። ስሟ ሲለጠፍ ደስ አለኝ እማዬ፤ ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሰኝ። እኔም እዚያው ግቢ ነበርኩ እኮ። አባዬ ሞተ፣ አንቺ አልጋ ላይ ዋልሽ፣ እኔ ደብተሬን አጥፌ እዚህ መጣሁ። ቢያንስ አንድ ሰው ‹ተመለስ› ብሎኛል? አንድ ሰው?»

ይህን ከአፉ ሰምተውት አያውቁም ነበር። በዚያን ዘመን ደመወዙን አምጥቶ ትራሳቸው ስር ሲያኖርላቸው፣ «ትምህርቱ አልሆነልኝም» ብሏቸው፣ እሳቸውም ማመን ስለሚሻላቸው አምነውት ነበር። አሁን ይዘውት የመጡት ቁጣ ከእጃቸው ሾልኮ ወደቀ። ሕፃኗን ከግራ ክንዳቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«አላልኩህም» አሉ። «ያኔ እኔ ራሴን ማንሳት አልችልም ነበር፤ ቤቱን ያነሳኸው አንተ ነህ። ይሄንን አልክደውም። ዛሬ ግን እችላለሁ። ያንተን መመለስ ባልችል የእሷን እችላለሁ። አትችልም ብለህ በእኔ ስም አትማል።»

ልጃቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ ከገንዘብ መቀበያው ስር መሳቢያ ሳበ። ይዞት የመጣው ፖስታ አዲስ ነው፤ ማስረጃው እንዳይታጠፍ በሁለት ወፍራም ካርቶን መሃል ተደርጎ፣ ቀለም እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሏል። እማማ ክሬን ፖስታውን አገላብጠው አዩት። ሊያጠፋው ያሰበ ሰው እንዲህ አድርጎ አያስቀምጥም። ይህቺን በልባቸው ያዟት፤ ለእሱ ግን አልነገሩትም። እሱም መንገድ ላይ ወጥቶ ታክሲ አስቆመላቸው፣ በሩን ከፍቶ ጭንቅላታቸው እንዳይመታ በእጁ ከለለና «የምሳ ሰዓት ሳይደርስ አድርሺያቸው» አለው ሾፌሩን። እንደ ሴት ማናገሩን ራሱ ልብ አላለም፤ ሾፌሩ ግን «ማንን ነው ‹አድርሺያቸው› የምትለው?» ብሎ እየሳቀ ነዳ።

ኮሌጁ በር ሲደርሱ ጥበቃው ከሩቅ አያቸው። ፖስታውን ወደ ላይ አንስተው እንደ ባንዲራ አሳዩት። «እኔ አልገባም፣ ሕፃኗም አትገባም፤ ይሄ ግን ተማሪ ነው፣ ይግባ» አሉት። ጥበቃው ፖስታውን ተቀብሎ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመለሰና በሩን ከፈተው። «እማማ፣ ደንቡ ዓይኑን ይጨፍን። ራስዎ ያስገቡት።»

መዝጋቢዎቹ የተቀመጡበት ክፍል ረጅም ኮሪደር ላይ ነው፤ ባለመነጽሯ ልጅ የራሷ ጉዳይ ካለቀ ቆይቶ ነበር፣ ነገር ግን መስኮቱ ስር ሁለት ክርኗን ዘርግታ፣ የምራቲቱን ቦታ ለማንም አልሰጥም ብላ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ትከራከራለች። መዝጋቢዋ ሴት ሰዓቷን አይታ፣ ተንፍሳ፣ ፖስታውን ተቀበለች። ዋናውን ከኮፒው ጋር አስተያየች። ማህተም አደረገች። ከዚያ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ኤሌክትሪክ ክፍል ነው ያልሽው? ለእናት የሚመቹ ሌሎች ክፍሎች አሉ እኮ፣ የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር ገና ቦታ አለው» አለች፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

እማማ ክሬን «ኤሌክትሪክ?» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ቢያንስ «ይዞሽ ቢቀርስ?» ሊሏት ፈልገዋል። ምራቲቱ ግን ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ደረቷን ነፋ አድርጋ መስኮቱን ፊት ለፊት አይታ፣ ጠዋት ከእሷ ጠፍቶ በነበረ ድምፅ «ያመለከትኩት ኤሌክትሪክ ነው፤ ያለፍኩትም በእሱ ነው» አለች። ኮሪደሩ ውስጥ የቆሙት ልጆች ሁሉ ሰሙ። እማማ ክሬን የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙት። ያን ጊዜ ነው ባለፈው ክረምት የቤታቸው መብራት በየዝናቡ ሲጠፋ፣ ይቺ ልጅ ሆዷ ገፍቶ ወንበር ላይ ቆማ ቆጣሪውን ስትጎረጉር፣ እሳቸው ከታች «ውረጂ!» እያሉ ሲጮሁባት የነበረው ትርጉሙ የገባቸው። ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቀነቀችና ጻፈች።

የክፍያው መስኮትና የመታወቂያው ፎቶ ከሰዓት በኋላ ተጠናቀቁ። እማማ ክሬን ወደ ሲሚንቶው ጠርዝ ተመልሰው፣ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ የመጣውን ሁሉ ስለ ምራታቸው ነገሩት። መጀመሪያ ለዳቦ ቤቷ ሴት፤ ቀጥሎ ኮፒ ለሚያደርገው ጎረምሳ፤ ከዚያ ውሃ ሊጠጣ ለመጣ የማያውቁት አባወራ። በየጊዜው «ኤሌክትሪክ» የምትለዋን ቃል ሲጠሯት ድምፃቸው ከፍ ይላል። ጠዋት የማያውቁትን ነገር ከሰዓት ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያውቁት አድርገው ነበር የሚያስረዱት፤ «የቤት ሽቦ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የፋብሪካም አለበት» ይላሉ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ምራቲቱ ወጣች። መታወቂያዋ ገና ሙቀቱ አልበረደም፤ ፎቶው ላይ ዓይኖቿ ፈጠጥ ብለዋል፣ ግን ሳቅ አለባቸው። እማማ ክሬን መታወቂያውን ተቀብለው ራቅ አድርገው ያዙና ስሟን ፊደል በፊደል አነበቡት፣ ከነአባቷ። ገና ሳይመልሱላት፣ ልጃቸው ከመንገዱ ማዶ ሲሻገር አዩት። የሥራ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም፤ ክንዱ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለበት። መጥቶ ሚስቱ ፊት ቆመ። የዳቦ ቤቷ ሴት ወሬዋን አቋረጠች። ምራቲቱ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቀው፣ ከእማማ ክሬን እጅ መታወቂያውን ወስዳ ለእሱ ዘረጋችለት።

ተቀብሎ አየው። ደግሞ አየው። «ክፍልሽ የኋለኛው ሕንፃ ነው» አለ። «በዋናው ደረጃ አትውጪ፣ ይጨናነቃል። በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አቋራጭ አለ።» ከዚያ ቆይቶ «መውሰዴ ነውር ነበር» አለ፤ ስለ ወረቀቱ እንደሆነ ሁሉም ገባው። ምራቲቱ «ነበር» አለች። ምሕረትም አልሰጠችውም፣ ነቀፋም አልጨመረችበትም። «አቋራጩን አሳየኝ» አለችው ብቻ።

በሩ አሁን ፀጥ ብሎ ስለነበር ጥበቃው ራሱን ነቅንቆ አሳለፋቸው። እማማ ክሬን ከውጭ ሆነው ያያሉ። ልጃቸው ከፊት ከፊት እየሄደ በእጁ ያሳያታል፤ ያ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ያ ላቦራቶሪ። አንዱ በር ላይ ሲደርስ ቆመና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ምራቲቱ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው፤ አላስቸኮለችውም። ከዚያ እሷ ቀደም ብላ መሄድ ጀመረች፣ እሱም ተከተላት።

«ወንድሟ ነው?» አለች የዳቦ ቤቷ ሴት።

«ባሏ ነው። የእኔ ልጅ። እሷም የእኔ ልጅ ነች» አሉ እማማ ክሬን፣ ወገባቸውን አቅንተው። «ከዛሬ ጀምሮ የኮሌጅ ተማሪ ነች። ኤሌክትሪክ ነው የምትማረው።»

«ሰምተናል እማማ» አለ ጥበቃው ከበሩ ላይ እየሳቀ። «ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሰምተናል።»

«ለእናንተ መች ነገርኩ?» አሉ እማማ ክሬን፣ ሕፃኗን ትከሻቸው ላይ አቀና አድርገው። «ላልሰማ ነው።»